አልፍሬድ ቢኔ ማን ነበር?

በሥነ ልቡና ትምህርት ስማቸው ከሚነሣው ሰዎች አንዱ ፈረንሣዊው አልፍሬድ ቢኔ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ለፈተና ስንል ነው፤ የማሰብ ችሎታ መለኪያ፣ 1905፣ ቢኔና ሲሞን፣ አለቀ። የሰውየው ሕይወት ግን ከዚህች አንድ መስመር ሰፋ ያለ ነው። ነገ በየትምህርት ቤቱ ተበትነን አንዱን ልጅ ጎበዝ፣ ሌላውን ሰነፍ፣ ሦስተኛውን ድንጋይ ራስ እያልን ስም ልናወጣ ለምንችለው ለእኛ ለዕጩ መምህራን በተለይ ሊነገር ይገባዋል።

ነገሩን ከአንድ ፈተና እንጀምር። ቢኔ ተማሪ ሳለ ለሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ቀርቦ ነበር። ስለ አንድ የግሪክ ፈላስፋ ሲመልስ ስሙ ጠፋበትና ከፈረንሣዊው ደራሲ ከላ ብሩዬር መጽሐፍ የአንድ ገጸ ባሕርይ ስም አንሥቶ ሰጠው። ፈታኙ ተቆጣ፤ ይህ ልጅ መቼም ቢሆን የፍልስፍና መንፈስ አይኖረውም ብሎ ፈረደበት። እንግዲህ መምህር በቀን ውስጥ የሚናገረው ብዙ ነው፤ ፈታኙ ማታውኑ ሳይረሳው አልቀረም። ቢኔ ግን ያችን ቃል ከ30 ዓመት በላይ በሆዱ ይዟት ኖረ። በ1909 ስለ ልጆች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እንደገና አነሣት፤ በአንድ ልጅ ላይ መቼም ቢሆን ብሎ መፍረድ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ለመምህራን ለማሳየት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቢኔ የተወለደው በ1857 በኒስ ከተማ ነው። አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ሠዓሊ ነበሩ። ወላጆቹ ስለተለያዩ ያደገው በእናቱ እጅ ሲሆን ለትምህርትም ወደ ፓሪስ መጣ። በ1878 በሕግ ተመረቀ፤ ጥብቅና ግን አልሠራም። ሕክምና ጀመረ፤ እሱንም አልጨረሰውም። ቤተሰቡ ገንዘብ ስለነበረው ደሞዝ ፍለጋ መሯሯጥ አላስፈለገውም። ስለዚህ በፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የሥነ ልቡና መጻሕፍት ያነብ ጀመር። ሥነ ልቡና ራሷ ያን ጊዜ ገና ዳዴ የምትል ሳይንስ ነበረች፤ ጀርመናዊው ቪልሄልም ቩንት በላይፕዚግ ላቦራቶሪውን የከፈተው በ1879 ነው። ቢኔ እንግዲህ ይህን ሙያ ከመምህር ሳይሆን ከመጽሐፍ የለቀመው ሰው ነው። ይህም ትንሽ ቆይቶ ዋጋ አስከፈለው።

በ1883 ሳልፔትሪዬር ወደሚባለው ትልቅ የፓሪስ ሆስፒታል ገባ። እዚያ ዝነኛው የነርቭ ሐኪም ሻርኮ ሕመምተኞችን በሂፕኖቲዝም እያፈዘዘ ያጠና ነበር። ቢኔና የሥራ ጓደኛው ሻርል ፌሬ አንድ ጉድ አገኘን ብለው ጻፉ። አንዲት የፈዘዘች ሕመምተኛ በአንድ እጇ የምትሠራው እንቅስቃሴ ማግኔት ሲጠጋባት ወደ ሌላው እጇ ይዛወራል፤ ስሜቷም በማግኔት ይገለበጣል፤ ደስታዋ ሐዘን ይሆናል አሉ። ዴልበፍ የተባለ ቤልጂጋዊ ሊቅ ይህን አንብቦ አላመነም። በዓይኔ ልየው ብሎ ፓሪስ መጣ። ለካስ ማግኔቱን የሚያቀርቡት እሷው ፊት በግልጽ፣ ምን እንደሚሆንም ጮክ ብለው እየተነጋገሩ ኖሯል! ሴትዮዋ የታዘዘችው ለማግኔቱ ሳይሆን ለሐኪሞቹ ፍላጎት ነበር።

ቢኔ መጀመሪያ አልተረታም፤ በጽሑፍ ተከራከረ። በመጨረሻ ግን ስሕተቱን በአደባባይ አመነ፤ በ1890ም ሆስፒታሉን ለቀቀ። የ33 ዓመት ሰው፣ ስሙ የጎደፈ፣ ሥራ የሌለው። ሌላው ቢሆን ወደ ሕጉ ይመለስ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ግን የቢኔ የኋላ ሥራ ሁሉ የበቀለው ከዚህ ውርደት ነው። ጠያቂው ሳያውቀው የሚፈልገውን መልስ ከተጠያቂው አፍ ሊያወጣ እንደሚችል በገዛ ራሱ ላይ አይቶታልና።

ሥራ በፈታበት ጊዜ የቀረቡት ሁለት ልጆቹ ነበሩ፤ ማድሌንና አሊስ። በ1884 ያገባት ሚስቱ ሎር ባልቢያኒ የአንድ ሥነ ሕይወት ሊቅ ልጅ ስትሆን፣ ሴት ልጆቹ በ1885ና በ1887 ተወለዱ። ቢኔ ዳዴ ማለታቸውንና መሄድ መጀመራቸውን ሳይቀር ይመዘግብ ነበር። ትልቋ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ካልያዘች አንድ እርምጃ አትራመድም፤ የምትይዘውን ነገር ሳታይ አትነሣም። ትንሿ ደግሞ ክፍሉ መካከል ድረስ እየተንገዳገደች ትሄድና የሚሆነውን ታያለች። አንድ ቤት፣ አንድ እናትና አባት፣ ሁለት ዓይነት አእምሮ። ካደጉም በኋላ ቃላት እየሰጠ፣ ዕቃ እያሳየ፣ ምን እንዳሰቡ እየጠየቀ ቀጠለ፤ በ1903 ያሳተመው ስለ ማሰብ ችሎታ የሚናገር ወፍራም መጽሐፍ አብዛኛው ስለ እነሱ ነው። ስማቸውን ብቻ ለውጦታል።

በ1891 በአንድ ባቡር ጣቢያ ከሶርቦኑ የሥነ ልቡና ላቦራቶሪ ኃላፊ ከሄንሪ ቦኒ ጋር ተገናኘና ያለ ደሞዝ ልሥራልህ አለው። ቦኒም ተቀበለው። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ላቦራቶሪው በእጁ ገባ፤ እስኪሞትም አልለቀቀውም። በዚያው ሰሞን ከቦኒ ጋር በፈረንሣይ አገር የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ዓመታዊ መጽሔት አቋቋመ፤ በነፍሳት ነርቭ ላይ ባደረገው ጥናትም በ1894 የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ። ዓይናቸውን ሸፍነው ቼዝ የሚጫወቱ ሰዎችንና በቃል ትልልቅ ቁጥር የሚያባዙትን አጠና። ለቲያትር ቤት አስፈሪ ድራማ መጻፉን ስሰማማ ገረመኝ፤ ግን እውነት ነው። የፕሮፌሰርነት ወንበር በአገሩ አንድም ጊዜ አላገኘም። ሞክሮ ሌሎች ተመረጡ።

በ1900 ያወጣው አንድ መጽሐፍ መምህራንን በቀጥታ የሚነካ ነው። ቢኔ በካርቶን ላይ አንዳንድ ዕቃዎችን ለጥፎ ለተማሪዎች ለጥቂት ሰኮንድ ያሳይና ከዚያ ይጠይቃቸዋል። ከዕቃዎቹ አንዱ በሙጫ የተጣበቀ ቁልፍ ነው፤ ክር የሚባል ነገር የለበትም። እንዲያው ያያችሁትን ጻፉ ሲባሉ የልጆቹ ስሕተት ጥቂት ነበር። ቁልፉ በክር የታሰረው እንዴት ነው ተብለው ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ የሌለውን ክር አዩት፤ እንዴት እንደታሰረም አስረዱ። ልጆቹ ዋሾ ሆነው አይደለም። ጥያቄው ራሱ ክር ይዞ ስለመጣ ነው። ክፍል ውስጥ ስንቶቻችን ገባችሁ አይደል ብለን እንጠይቃለን? ልጆቹም አዎን ይሉናል።

በዚያን ዘመን የሰው ብልህነት በራስ ቅሉ ትልቀት ይታወቃል የሚል እምነት በሊቃውንቱ ዘንድ ነበር። ቢኔም መለኪያውን ይዞ በየትምህርት ቤቱ ዞረ፤ መምህራን ጎበዝና ደካማ ያሏቸውን ተማሪዎች ራስ ለካ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ሆነ። ይበልጡን ያስደነገጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጎበዝ መሆኑን የሚያውቀውን ልጅ ሲለካ እጁ ሳያውቀው መጠኑን ከፍ እንዳያደርግ ሠጋ። የዴልበፍ ትምህርት እዚህ ላይ ፍሬ አፈራ። የራስ ቅሉን መለኪያ አስቀመጠው።

አሁን ወደ ታወቀበት ሥራ ደረስን። ፈረንሣይ በ1882 ትምህርትን ግዴታ ካደረገች ወዲህ ክፍሎቹ በልጆች ሞልተው ነበር፤ ከመካከላቸው ትምህርቱን መከተል የማይችሉ ነበሩ። በ1904 መንግሥት ለእነዚህ ልጆች ምን ይደረግ የሚል ኮሚሲዮን አቋቋመ፤ ቢኔም አባል ሆነ። ጥያቄው ልዩ እርዳታ የሚያስፈልገው የትኛው ልጅ ነው የሚል ነበር። ማን ይወስን? ሐኪሞች የሚሰጡት ምስክር ወረቀት እርስ በርሱ አይስማማም፤ ለአንዱ ልጅ አንዱ ሐኪም የሰጠውን ስም ሌላው ይለውጠዋል። መምህሩ ይወስን እንዳይባል ደግሞ፣ የሚረብሸውን ልጅ ከክፍሉ ለማባረር ሲል ብቻ ደካማ ነው የሚል መምህር አይጠፋም። ቢኔ ይህንን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ቴዎዶር ሲሞን ከተባለ ወጣት ሐኪም ጋር ሆኖ በ1905 30 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አወጣ። ከቀላሉ ይጀምራል፤ የሚነድ ክብሪት በዓይን መከተል፣ ሦስት ቁጥር ሰምቶ መድገም፣ ሁለት ክብደቶችን ማወዳደር፣ እያለ ረቂቅ ቃላትን እስከ መለየት ይወጣል። በትምህርት ቤት የተሸመደደ ነገር እንዳይገባበት ተጠንቅቀዋል። ፈታኙ ልጁን በፍቅር እንዲቀበለው፣ መልሱንም በፊቱም ሆነ በድምፁ እንዳይጠቁመው አዘዙ። ይህ ትእዛዝ ከየት እንደመጣ አሁን ይገባናል።

በ1908 ጥያቄዎቹን ከ3 እስከ 13 ዓመት በዕድሜ ደለደሏቸው። የአእምሮ ዕድሜ የሚባለው አሳብ መነሻው ይህ ነው። የአምስት ዓመቱ ልጅ አራት ሳንቲም ይቆጥራል፤ ካሬ አይቶ ይሥላል። ሳንቲሙ የፈረንሣይ ሳንቲም፣ ልጁም የፓሪስ ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል። መለኪያው በብራስልስ በሀብታም ልጆች ላይ ሲሞከር ልጆቹ ከፓሪሶቹ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደሙ። የፓሪሶቹ የድኻ ልጆች ስለነበሩ ቢኔ ይህ የኑሮ ልዩነት መሆኑን ተቀበለ።

በ1909ኙ መጽሐፉ ደግሞ የልጅ አእምሮ የተወሰነ ነው፣ አይጨመርም የሚሉትን ተቃወመ። ጦሙን ያደረ መሬት ሲታረስ እንደሚያፈራ ሁሉ ትኩረትም፣ ማስታወስም፣ ማገናዘብም በልምምድ ያድጋሉ አለ። በልዩ ክፍሎች የተሠራውንም ገለጸ። ንባብና ሒሳብ ከመጀመሩ በፊት ልጆቹ ሐውልት ይጫወታሉ፤ በምልክት ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ፣ በምልክት ይለቀቃሉ። ወይም ዕቃዎች ለቅጽበት ይታዩና ከዚያ ይቆጠራሉ። መጀመሪያ ክፍሉ በሳቅና በጩኸት ይፈርሳል። ከሰነበተ በኋላ ግን ልጆቹ መቀመጥንና ማዳመጥን ይለምዳሉ። መቀመጥ ያልቻለ ልጅ ሰዋስው ከማስተማር በፊት መቀመጥን አስተምሩት ማለቱ ነው።

ቢኔ በጥቅምት 1911 ሞተ፤ ዕድሜው 54 ነበር። መለኪያው ግን ከእሱ ዕቅድ ወጥቶ ሄደ። በ1912 ጀርመናዊው ቪልያም ሽቴርን የአእምሮውን ዕድሜ ለልጁ ዕድሜ አካፈለው፤ በአሜሪካ ሉዊስ ተርማን በ1916 ውጤቱን በ100 አባዛውና አይኪው የሚባለው ቁጥር ተስፋፋ። ሌላው አሜሪካዊ ሄንሪ ጎዳርድ ረዳቶቹን ወደ ኒው ዮርክ ወደብ ልኮ፣ ከመርከብ የወረዱ የደከማቸውን ስደተኞች በአስተርጓሚ አስፈትኖ ብዙዎቹን አእምሮ ደካማ አላቸው። በ1927 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኬሪ በክ የተባለችው የቨርጂኒያ ወጣት እንዳትወልድ እንድትመከን በ8 ድምፅ ለ1 ፈቀደ። ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ በቢኔ ፈተና የአእምሮ ዕድሜዋ 9 ዓመት ነው የሚል ነበር። ቀደም ብላ የወለዳት ሴት ልጇ ግን ትምህርት ቤት ገብታ በጎበዞቹ መዝገብ ስሟ ሰፍሯል።

ሲሞን እስከ 1961 ኖሮ ይህን ሁሉ አየ። ያ ነጠላ ቁጥር የመለኪያው ዓላማ መከዳት ነው ይል ነበር። ቢኔ በ1905 በአንድ የፓሪስ የሠራተኞች ሰፈር ትምህርት ቤት ውስጥ የከፈተው ትንሽ የምርምር ክፍል ግን ከሞተ በኋላም አልጠፋም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሞን ለአንድ ወጣት ስዊስ በዚያው ቦታ ሥራ ሰጠው፤ የማመዛዘን ፈተና ለፓሪስ ልጆች እንዲያስተካክል። ወጣቱ ዣን ፒያዤ ነው። ሥራው ትክክለኛውን መልስ መቁጠር ነበር። እሱ ግን አንድ ልጅ ስሕተት ሲመልስ ለምን እንዲህ እንዳለ ቁጭ ብሎ ይጠይቀው ጀመር።