የባሕሪው ሐኪም ዶክቶር ቲጃኒ አልማሒ

የሥጋ ሕመም ያደረበት ሰው ሕመሙን ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ዘመዶቹም በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም ያደርሱታል። አእምሮው የታመመውን ሰው ግን ቤተ ሰቡ ከጓዳ ይሸሽገዋል፤ ሕመሙ የበረታ እንደ ሆነም እግሩ በሰንሰለት ይታሰራል። ስለዚህ ይህ ሕመምተኛ ከሕክምና የሚርቀው መንገዱ ስለ ረዘመበት ብቻ ሳይሆን ኀፍረትም በሩን ስለሚዘጋበት ነው። ይህን በር ለመክፈት ዕድሜአቸውን ከሰጡት አፍሪቃውያን ሐኪሞች አንዱ ሱዳናዊው ዶክቶር ቲጃኒ አልማሒ ናቸው።

ዶክቶር ቲጃኒ በ1911 ዓ.ም. (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው በአልካዋ ተወለዱ። በካርቱም የጎርዶን መታሰቢያ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ፣ በ1924 ወደ ተከፈተው ወደ ኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1935 በሐኪምነት ተመረቁ። ከዚያም በልዩ ልዩ ወረዳዎች እየተዘዋወሩ አገለገሉ። በዚያን ጊዜ ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ የጋራ አስተዳደር ሥር ነበረች። ለአእምሮ ሕሙማን የተደራጀ የሕክምና አገልግሎት አልነበረም። ሁከት የሚያነሣው ሕመምተኛ ወደ ወኅኒ ይወሰድ ነበር፤ ጸጥ ያለው ደግሞ ለቤተ ዘመዱና ለሼኮች ይተዋል።

ወጣቱ ሐኪም ይህን ጉድለት ተመልክተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ፤ በ1949ም በአእምሮ ሕክምና ዲፕሎማ ተቀበሉ። ሲመለሱ የመጀመሪያው ሱዳናዊ የአእምሮ ሐኪም እርሳቸው ነበሩ። ነገር ግን በስፋቷ በዚያ ዘመን ከአፍሪቃ አንደኛ በነበረች አገር አንድ ልዩ ባለሙያ ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል? በዋናው ከተማ ተቀምጦ አቅም ያለውን ብቻ ቢያክም፣ ዕውቀቱ የጥቂቶች ሀብት ሆኖ በቀረ ነበር።

ዶክቶር ቲጃኒ በ1950 ሥራቸውን የጀመሩት ከካርቱም ፊት ለፊት፣ ከጣና የሚወጣውን ዓባይ ተሻግሮ በሚገኘው በባሕሪ ነው። ያቋቋሙት ቤት የነርቭ ሕመም ክሊኒክ ተባለ። ስሙ እብደትን የሚያነሣ አልነበረም፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰውም እንደ ማንኛውም በሽተኛ ሐኪም ዘንድ ሄደ ይባላል እንጂ ሌላ ቅጽል አይወጣለትም። ሕመምተኛው ከዘመዶቹ ጋር መጥቶ የሚታይበት፣ ከሰው ተለይቶ የማይቆለፍበት ቤት ነበርና ቀድሞ በጓዳ ይሸሸግ የነበረው ሁሉ ወደ ብርሃን መውጫ አገኘ።

ከዚህም በላይ ዶክቶር ቲጃኒ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚሄድበትን መንገድ አልናቁም። በእኛ አገር ሰው ወደ ጠበል እንደሚሄድ፣ በሱዳንም ቤተ ሰብ ሕመምተኛውን ይዞ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሼኩ ደጅ ነው። ዛር የሚባለውም ልማድ በኢትዮጵያና በሱዳን የታወቀ ነው። ብዙ የተማሩ ሰዎች ይህን ሁሉ የመሃይም ሥራ ነው ብለው ሲያልፉት፣ እርሳቸው ግን ልማዱን አጠኑ፤ ከባህላዊ ሐኪሞችም ጋር ተቀራርበው ሠሩ። ይህ ማለት ሳይንሱን ተዉ ማለት አይደለም። ሕዝቡ የሚያምንበትን ሰው የናቀ ሐኪም ሕዝቡንም እንደሚያጣ፣ ከሼኩ ጋር የተስማማ ሐኪም ግን እጁ እሩቅ መንደር ድረስ እንደሚደርስለት ተገንዝበው ነው እንጂ። በናይጄሪያ በአቤኦኩታ አጠገብ ሕሙማንን ከዘመዶቻቸው ጋር በመንደር ውስጥ ማከም የጀመሩት ዶክቶር ላምቦም ተመሳሳይ አሳብ ነበራቸውና፣ የሁለቱ ስም በአፍሪቃ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ አብሮ ይነሣል።

ዶክቶር ቲጃኒ ዕውቀታቸውን ለራሳቸው አላስቀሩም። ከእርሳቸው ጋር የሠሩት ዶክቶር ጣሃ ባዓሸር ሥራውን ቀጠሉበት፤ እንደ ዋድ መዳኒ ባሉ ከተሞችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ተከፈቱ። ዶክቶር ቲጃኒ ራሳቸው ከ1959 ጀምሮ በእስክንድርያ በነበረው የዓለም ጤና ድርጅት የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ጽሕፈት ቤት የአእምሮ ጤና አማካሪ ሆኑ። ያን ጊዜ ኢትዮጵያም በዚሁ ጽሕፈት ቤት ክልል ውስጥ ነበረች። በጥቅምት 1964 የጄኔራል አቡድ መንግሥት በሕዝብ ዐመፅ ሲወድቅ፣ ከአምስቱ የሱዳን የበላይ ምክር ቤት አባላት አንዱ ሆነው እስከ 1965 አጋማሽ አገለገሉ። ሥልጣኑ ግን አላስቀራቸውም፤ ወደ ሙያቸው ተመልሰው በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። በጥር 1970 አረፉ። ዕድሜአቸውን ሙሉ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍትና የብራና ጽሑፎች ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተሰጡ፤ በኦምዱርማን ያለው የአእምሮ ሆስፒታልም በስማቸው ተሰየመ።

በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት በካርቱም፣ በባሕሪና በኦምዱርማን የነበሩ ብዙ ሆስፒታሎች ሥራቸውን አቋረጡ። በአንድ ከተማ የተከማቸ ሕክምና ከተማው ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል። በሰዎች ዘንድ የተዘራ ዕውቀት ግን ሰዎቹ በሄዱበት ሁሉ ይሄዳል።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1930ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የኢትዮጵያ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ፤ ከጎጃምም ከሐረርም የሚመጣው ሕመምተኛ ሁሉ ተስፋው ያ አንድ ደጅ ነበር። በ1987 በዚያው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሠልጠን ከጀመሩና ወደ ክፍላተ ሀገር ሆስፒታሎች ከተመደቡ ወዲህ ነው መንገዱ ማጠር የጀመረው። ሕንፃ ከመጨመር ይልቅ ሰው ማሠልጠን አስቀድሞ ጠቀመ።

ከዶክቶር ቲጃኒ ሕይወት መምህር የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ትናንት ይጫወት የነበረ ልጅ ዛሬ በድንገት ዝም ሲል፣ ከሰው ሲሸሽ፣ ትምህርቱ ሲወርድበት፣ አስቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው። መምህሩ ሰነፍ ብሎ ቢገሥጸው ወይም ክፉ መንፈስ ያዘው ብሎ ቢሸሸው አንድ በር ዘጋበት። ወላጆቹን በትሕትና አነጋግሮ፣ እምነታቸውን ሳይነቅፍ፣ ልጁ ወደ ሐኪም እንዲቀርብ ቢረዳው ግን፣ በባሕሪ በ1950 የተጀመረውን ሥራ በራሱ ክፍል ውስጥ ቀጠለው ማለት ነው።