የአባ ጅፋር ምርጫና ያስከፈለው ዋጋ

የዳግማዊ አባ ጅፋር ስም ሲነሳ ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ይሰማሉ። አንዱ ወገን አገራቸውን ከእሳት ያወጡ ብልህ ንጉሥ አድርጎ ያያቸዋል። ሌላው ደግሞ ለምኒልክ ገብረው በጎረቤቶቻቸው ላይ የዘመቱ ሰው ናቸው ብሎ ይወቅሳቸዋል። ለመሆኑ ትክክለኛው የትኛው ነው? ይህን ለመመለስ ንጉሡ ከወጡበት ጎሳ መነሳት ግድ ይላል።

የጅማ ነገሥታት የመጫ ኦሮሞ አካል ከሆነው ከዲጎ ጎሳ የተገኙ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጊቤ ምድር ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የተባሉ አምስት መንግሥታት ሲቆሙ፣ ዲጎዎች ሂርማታን በእጃቸው አስገቡ። ሂርማታ ተራ ገበያ አልነበረም። ከከፋ የሚመጣው ነጋዴና ከሸዋ፣ ከወሎና ከጎንደር የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ የሚገናኙበት ስፍራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 የነገሡት ቀዳማዊ አባ ጅፋር በነጋዴዎችና በኡለማዎች አማካይነት የገባውን እስልምና ተቀበሉ። ተከታዮቻቸውም አገሩን አባ ቆሮ በሚባሉ ሹሞች እየከፋፈሉ አስተዳደሩ። የዲጎ ጎሳ ከሌሎች ጎሳዎች በላይ ሊሆን የቻለው በጦር ብቻ ሳይሆን፣ ገበያን፣ ሃይማኖትንና ሹመትን አንድ ላይ አስተባብሮ በመያዙ ነው።

ዳግማዊ አባ ጅፋር አባታቸውን አባ ጎሞልን ተክተው የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1878 ነው። ገና ወጣት ስለነበሩ እናታቸው ጉሚቲ በምክርም በሥልጣንም ከጎናቸው ቆመዋል። ያ ዓመት ለሙስሊሙ ከባድ ዓመት ነበር። በአፄ ዮሐንስ ዘመን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተካሄደውና የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የተገደዱት በዚያው በ1878 ነበር። ከወሎ ከተሰደዱት ኡለማዎች መካከል ወደ ጅማ መጥተው የተጠለሉ ነበሩ። ስለዚህ ወጣቱ ንጉሥ ከሰሜን የሚመጣ ጦር ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚነግራቸው አላጡም።

ይህ ጦርም ብዙ ሳይቆይ ደረሰ። በ1880ዎቹ የንጉሥ ምኒልክ ሠራዊት ወደ ጊቤ ሲዘልቅ አባ ጅፋር ጠመንጃ የታጠቀን ኃይል በጦርና በፈረስ ለመመከት አልሞከሩም። እ.ኤ.አ. በ1884 ገበሩ። በምላሹም ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ጠበቀች። የጊቤ ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ መንግሥታቸውን ሲያጡ፣ ሕዝባቸውም በነፍጠኛ ሥር ገባር ሲሆን፣ ጅማ በራሷ ንጉሥ ትተዳደር ነበር።

ይህ ዓይነቱ ምርጫ በዚያ ዘመን የአባ ጅፋር ብቻ አልነበረም። በአፍጋኒስታን ከፓሽቱን ጎሳዎች አንዱ ከሆነው ከባራክዛይ የወጡት አሚር ዐብዱረሕማን ኻን (1880-1901) የውጭ ጉዳያቸውን ለእንግሊዝ ትተው የውስጡን በራሳቸው ይዘዋል። ልዩነቱ አሚሩ ከእንግሊዝ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር፤ አባ ጅፋር ግን ከፋይ ነበሩ።

በግብር የተገዛው ጊዜ በከንቱ አልባከነም። በሂርማታ ገበያ ደራ፤ የቡና ተክል ተስፋፋ፤ ከሰሜን የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች በጅሬን ሰፈሩ። በየቦታው የቁርኣንና የኪታብ ማስተማሪያዎች ተከፈቱ፤ ደረሳ ከሩቅ አገር ሳይቀር እየመጣ ይቀራ ጀመር። ከጅማ ለሚሄዱ ሑጃጆች ማረፊያ የሚሆን ቤትም ንጉሡ በመካ ገዝተዋል። ዛሬ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ባሉት የቡና ከተሞች የሚታየው የቡና ንግድና የዲን ትምህርት በዚያ ዘመን ከተዘራው ብዙ ወርሷል።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን በሙሉ ማየት ይገባል። ለምኒልክ የገበረ ሁሉ ዝመት ሲባል መዝመት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1894 በወላይታ ላይ፣ በ1897 ደግሞ በከፋ ላይ በተደረጉት ዘመቻዎች የጅማ ጦር ተሳትፏል። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው መንግሥታቸው ፈረሰ። ከእነዚህና ከሌሎች አገሮች የተማረኩ ብዙ ሰዎች በባርነት ተሸጡ፤ ጅማም ከታወቁት የባሪያ ንግድ ማዕከሎች አንዷ ነበረች። የሂርማታን ብልጽግና እያወደስን ይህን ብንዘለው ታሪክ አጻፍን ማለት አይደለም። ባሪያን ነፃ ማውጣት ታላቅ ምንዳ እንዳለው በሚያስተምር ሃይማኖት ጥላ ሥር ይህ መፈጸሙ፣ የሰውን ድክመት ከሃይማኖቱ ትእዛዝ ለይተን እንድናይ ያስገድደናል። የጅማ ሰላም የእውነት ሰላም ነበር፤ ከዋጋው ከፊሉን የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው።

አባ ጅፋር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ነግሠው እ.ኤ.አ. በ1932 ዐረፉ። ውሉ በሁለት ነገሥታት መካከል የተደረገ እንጂ በሕግ የተደነገገ መብት ስላልነበረ፣ በዚያው ዓመት የጅማ የውስጥ ነፃነት አበቃ፤ የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ከሥልጣን ተነሱ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። ጦሯ ያንበረከከው አገር ስም በእርሷ ላይ ተጻፈ!

እንግዲህ አባ ጅፋርን ፈሪ ማለት ያዳኑትን ሕዝብ መርሳት ነው፤ ነቀፋ የሌለባቸው ማድረግም የተሸጡትን ሰዎች መርሳት ነው። ከሁሉ በላይ ልንማርበት የሚገባው ግን የሚከተለው ይመስለናል። ንጉሡ በግብርና በዘመቻ ያቆዩት ዙፋን እርሳቸውን ተከትሎ ሄደ። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው የሚጎበኝ ቅርስ ሆነ። ደረሳ የሰበሰቡት ሸኾች ያስተማሩት ዒልም ግን ማንም ሳይሽረው ከትውልድ ትውልድ ተሻገረ። ዛሬ የአንድን ባለሥልጣን መልካም ፈቃድ ዋስትና አድርጎ የሚቀመጥ ማኅበረሰብ ካለ፣ የ1932ን ነገር ደግሞ ደጋግሞ ያስብ።