ጉንፔ ዮኮይ፥ የጌም ቦይ አባት

ለዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን ነገሥታትንና የጦር አለቆችን መረጡ። እኛ ግን አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ መረጥን። ተማሪዎች በእጅ ስልክና በአሮጌ ኮምፒዩተር ከሚጫወቷቸው የቀድሞ ጨዋታዎች ብዙዎቹ እርሱ ላሠራው መኪና የተዘጋጁ ሲኾኑ፥ ስሙን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነውና። ከዚህ በታች የተጻፉት የታሪኩ ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጉንፔ ዮኮይ በ1941 በኪዮቶ ከተማ ተወለደ። በዚያው ከተማ በሚገኘው በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርቱን ፈጽሞ፥ በ1965 በኒንቴንዶ ኩባንያ ተቀጠረ። ኒንቴንዶ ያን ጊዜ ሃናፉዳ የሚባሉ የመጫወቻ ካርታዎች የሚሠራ ቤት ነበር፤ የዮኮይም ተግባር የካርታ መሥሪያዎቹን መኪናዎች መጠበቅና መጠገን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰ ሰው ይህ ታላቅ ዕድል አይመስልም። እርሱ ግን በትርፍ ጊዜው እየተዘረጋ ዕቃ የሚይዝ ክንድ ለራሱ መዝናኛ ሠራ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ይህን ባየ ጊዜ፥ በሥራ ሰዓት ትጫወታለህ ብሎ በመቅጣት ፈንታ ለገበያ እንዲያዘጋጀው አዘዘው። መጫወቻው በ1966 አልትራ ሃንድ ተብሎ ወጣና ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ጠጋኙም ከዚያ ወዲህ ፈልሳፊ ኾነ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ዮኮይ በፈጣኑ ባቡር ሲጓዝ፥ አንድ የሰለቸው መንገደኛ የካልኩሌተሩን ቁልፎች እየነካካ ጊዜውን ሲያሳልፍ ተመለከተ። ከዚህ ትንሽ ነገር ጌም ኤንድ ዎች የተባለው በኪስ የሚያዝ ጨዋታ ተወለደ፤ የወጣውም በ1980 ነው። በ1982 ለዶንኪ ኮንግ ጨዋታ ያበጀው የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ፥ በአንድ አውራ ጣት ወደ አራት ማዕዘን የሚያዝ ስለ ኾነ፥ እስከ ዛሬ በየጨዋታ መሣሪያው ላይ በልዩ ልዩ መልክ ይታያል።

ከኹሉ የሚበልጠው ሥራው ግን በ1989 ከሳቶሩ ኦካዳና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጌም ቦይ ነው። የዮኮይ አሳብ፥ ዋጋው የረከሰና ጠባዩ በደንብ የታወቀ አሮጌ ዕቃ ወስዶ በአዲስ መንገድ ማሠራት ነበር። ስለዚህ ጌም ቦይ ቀለም አልነበረውም፤ መስኮቱ አራት ዓይነት ጥላ ብቻ የሚያሳይ፥ ነጥቦቹም 160 በ144 ነበሩ። የሥራ ሜሞሪው 8 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ተወዳዳሪው የሴጋ ጌም ጊር በ1990 ባለ ቀለም ኾኖ ቢመጣ፥ 6 ባትሪ በጥቂት ሰዓት ይጨርስ ነበር፤ ጌም ቦይ ግን በ4 ባትሪ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራል። ከባለ ቀለሙ ታናሽ ወንድሙ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

እነሆ ይኸው ቍጠባ ሌላም ፍሬ ሰጠ። ኢሙሌተር የሚባለው ፕሮግራም አንዱን መኪና እንደ ሌላው መኪና አድርጎ የሚያሠራ አስመሳይ ነው። አስመሳዩ የሌላውን ትእዛዝ አንድ በአንድ ስለሚተረጕም፥ ከሚመስለው መኪና እጅግ የበረታ መኾን አለበት። የጌም ቦይ ዕቃ ቀላል ስለ ኾነ ግን፥ ሌላውን ሥራ ያቃተው አሮጌ ኮምፒዩተር እንኳ ይህን ያለ ችግር ይመስላል።

አዘጋጀቱም አስቸጋሪ አይደለም። እንደ ሬትሮአርች ያለውን ነጻ ፕሮግራም ከጫኑ በኋላ በውስጡ የጌም ቦዩን ክፍል መምረጥ ነው። የጨዋታው ቅጂ ከራስ ካርትሪጅ በማንበቢያ መሣሪያ ይወሰዳል፤ የሌላውን ሰው ሥራ ያለ ፈቃድ ማባዛትና ማደል ግን በአገራችንም በአዋጅ ቍጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። ቀጥሎ በኮምፒዩተሩ ላይ ያሉት አራቱ ቀስቶች የዮኮይን መስቀል እንዲተኩ ይደረጋል። 640 በ480 መስኮት ባላቸው በእጅ በሚያዙ መሣሪያዎች ላይ ሥዕሉን በትክክል ሦስት እጥፍ ማሳደግ ይገባል፤ ያን ጊዜ 480 በ432 ይኾንና ነጥቦቹ ሳይዛነፉ ይታያሉ። ካርትሪጅ ያላቸው ቤተሰቦች ባይዘገዩ እንመክራለን፤ በብዙዎቹ ውስጥ ተጫዋቹ የደረሰበትን የምትጠብቀው ትንሽ ባትሪ በዓመታት ብዛት ስለምትሞት፥ የተቀመጠው ኹሉ አብሯት ይጠፋል።

ዮኮይ ኹልጊዜ አልተሳካለትም። በ1995 ያወጣው ቨርቹዋል ቦይ በዓይን ላይ ተደግኖ በቀይና በጥቁር ብቻ የሚታይ ነበር፤ 800 ሺህ እንኳ ሳይሸጥ ቀረ። በ1996 ኒንቴንዶን ትቶ ኮቶ የተባለውን የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ በዚያም ባንዳይ ለተባለው ኩባንያ በአንዲት ባትሪ የሚሠራውን ዋንደርስዋን ማዘጋጀት ጀመረ። ነገር ግን በጥቅምት 4 ቀን 1997 በኢሺካዋ ክፍለ ሀገር አውራ ጎዳና ላይ መኪና ተጋጭቶ፥ ጕዳቱን ለማየት ሲወርድ ሌላ መኪና ገጨውና በ56 ዓመቱ ሞተ። ዋንደርስዋን ለገበያ የቀረበው በ1999 ነው፤ ከጨዋታዎቹም አንዱ በስሙ ጉንፔይ ተባለ።

የቨርቹዋል ቦይም የሥዕል ማሳያው ሽቦ የተጣበቀበት ሙጫ በዕድሜ ብዛት ስለሚላቀቅ፥ ደኅና ኾኖ የሚሠራው ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄዷል። በኢሙሌተር ግን ጨዋታዎቹ ይከፈታሉ፤ ቀዩ ቀለም ዓይን የሚያደክመው ሰው ቢኖር፥ በነጭና በጥቁር ለውጦ ሊጫወት ይችላል።