ጆሮው የማይሰማው መምህርና የሮኬቱ ባቡር

ዛሬ ታሪኩን የምንነግራችሁ ሰው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ ይባላል። ሩሲያዊ ነው። አንድም ሮኬት ሳያስወነጭፍ፣ ሰው ወደ ጠፈር የሚወጣበትን መንገድ በወረቀት ያሰላ መምህር ነበር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

የተወለደው በ1857 ነው። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው በጠና ታመመና ጆሮው መስማት አቆመ ማለት ይቻላል። በ13 ዓመቱ እናቱ ሞተችበት። አስተማሪ የሚናገረውን ስለማይሰማ ትምህርት ቤት መቀጠል አልቻለም። ከዚያ ወዲያ ያስተማረው መጽሐፍ ነው።

በ16 ዓመቱ አባቱ ሞስኮ ላከው። እዚያ ሦስት ዓመት ያህል በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲያነብ ከረመ። ከቤት የሚላክለትን ትንሽ ገንዘብ ለመጽሐፍና ለሙከራ ዕቃ ያውለዋል፤ እሱ ጥቁር ዳቦ በልቶ ያድራል። ኋላ ተፈትኖ የመምህርነት ፈቃድ አገኘ። ከ1892 ጀምሮ ካሉጋ በምትባል ከተማ እያስተማረ ኖረ።

በ1903 ትልቁን ጽሑፉን አሳተመ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ምድርን ለመዞር ሮኬት በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ መፍጠን አለበት። ለዚያ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። ነዳጁ ደግሞ ራሱ ከባድ ነው፤ እሱን ለማንሳት ሌላ ነዳጅ ያስፈልጋል። በረሃ የሚያቋርጥ መንገደኛ ውሃው ያለቀበትን ጄሪካን ተሸክሞ አይዞርም አይደል? ጺዮልኮቭስኪም በ1929 ይህንኑ ዘዴ ለሮኬት አመጣው። ብዙ ሮኬቶች እንደ ባቡር ይቀጣጠላሉ፤ ነዳጁን የጨረሰው ተላቆ ወደ ምድር ይመለሳል፤ የቀረው ቀለል ብሎ ይቀጥላል። ጠፈር የሚደርሰው የመጨረሻው ብቻ ነው።

በ1935 ካሉጋ ውስጥ አረፈ። በተወለደ በ100 ዓመቱ፣ በ1957፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስፑትኒክ ወጣች።

መውጣቱ ተሳካ፤ መመለሱ ግን ቆየ። ለብዙ ዓመታት አብዛኞቹ የሚላቀቁ ክፍሎች ባሕር ወይም በረሃ ላይ እየወደቁ ተሰባብረው ቀሩ። አውሮፕላን አንዴ በርሮ እንደመጣል ነው፤ ወጪው የትየለሌ! ሳተላይት ይዞ ምሕዋር የደረሰ ሮኬት የታችኛው ክፍል ተመልሶ ቀጥ ብሎ በእግሩ የቆመው በታኅሣሥ 2015 ነው፤ ቦታው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ። የላይኛውን መመለስ ይብሳል። በዚያ ፍጥነት አየር ውስጥ ሲገባ ስለሚግል የሙቀት መከላከያ ይፈልጋል፤ በዚያ ክፍል ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ኪሎ ደግሞ ከሚጫነው ዕቃ ላይ አንድ ኪሎ ይቀንሳል። መሐንዲሶች ዛሬም የሚታገሉት ከዚሁ የመምህሩ ስሌት ጋር ነው።

ትምህርቷን በልጅነቷ ያቋረጠች እህት ይህን ስታነብ አንድ ነገር ትያዝ፦ የዛሬ ሮኬት ሠሪዎች ሁሉ የሚጠቀሙበትን ስሌት የጻፈው ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መማር ያልቻለ ልጅ ነበር።