ዴል ካርኔጊ፦ በኮሚሽን የጀመረው አሠልጣኝ

ባለፈው ሴሚስተር በኢንተርፕረነርሺፕ ኮርስ የአንድ ሥራ ፈጣሪ ሕይወት አጥንተን እንድናቀርብ ታዘን ነበር። አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ ፋብሪካ ያቋቋመ ወይም ማሽን የፈለሰፈ ሰው መረጡ። እኔ የመረጥኩት ምንም ዕቃ ሠርቶ ያልሸጠውን ዴል ካርኔጊን ነው። ስለ መጽሐፉ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ንግዱ ነው። ዛሬ «ላይፍ ኮቺንግ» የሚባለው ሙያ ገና ስም ሳይወጣለት፣ ይህ ሰው አዋቂዎች ፍርሃታቸውን እንዲያሸንፉና ከሰው ጋር እንዲግባቡ እያሠለጠነ ኖረ፤ ከበረበትም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሰው የሚሸጠው የራሱን አንደበትና ጊዜ ከሆነ፣ ቀኑ ደግሞ ከ24 ሰዓት የማያልፍ ከሆነ፣ ሥራው እንዴት ያድጋል? ከመካከላችን ስንመረቅ የሥልጠናና የማማከር ቢሮ ለመክፈት የምናስብ ጥቂት አይደለንም። ስለዚህ መልሱ ለእኛም ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

የገበሬው ልጅ

ካርኔጊ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1888 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በሜሪቪል አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ዋረንስበርግ ከተዛወረ በኋላ እዚያው በሚገኘው የመምህራን ኮሌጅ ገባ። ከተማ ውስጥ ለመኝታና ለምግብ የሚከፍለው ስላልነበረው በየቀኑ ከእርሻቸው በፈረስ እየተመላለሰ ነው የተማረው። ቤት ሲደርስ ደግሞ ላም ማለቡና ከብት መቀለቡ ይጠብቀዋል። በልብሱ ያፍር ነበር፤ በስፖርትም የሚጠራ ልጅ አልነበረም። ታዲያ በኮሌጁ ስም ለማግኘት የቀረው አንድ መንገድ የንግግር ውድድር ነበር። መጀመሪያ ላይ ደጋግሞ ተሸነፈ። በኋላ ማሸነፍ ሲጀምር ሌሎች ተማሪዎች አሠልጥነን አሉት፤ ያሠለጠናቸውም አሸነፉ። እንግዲህ የወደፊት ሥራው ፍሬ እዚህ ላይ ይታያል፤ እሱ ግን ገና አላየውም።

ከኮሌጅ ወጥቶ በመጀመሪያ የተልእኮ ትምህርት ለከብት አርቢዎች መሸጥ ጀመረ። ቀጥሎ አርሞር ለተባለው ኩባንያ የአሳማ ሥጋ፣ ሳሙናና ስብ እየዞረ ሸጠ። የሚሠራበትን የሽያጭ ክልል ከደቡብ ኦማሃ ቅርንጫፍ ክልሎች ሁሉ አንደኛ አደረሰው። እንዲህ እየተሳካለት ሳለ 500 ዶላር ሲጠራቀምለት በ1911 ሥራውን ተወና ተዋናይ ልሁን ብሎ ኒው ዮርክ ገባ። በድራማ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከተማ ለከተማ በሚዞር ቴአትርም ተጫወተ። አልሆነለትም።

ተመልሶ የጭነት መኪና ሻጭ ሆነ። መኪናው በምን እንደሚንቀሳቀስ አያውቅም፤ ማወቁንም አይፈልግ። የተከራያት ርካሽ ክፍል በበረሮ የተሞላች ነበረች፤ ጠዋት ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ክራቫት ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ በረሮው ይበተናል። ያን ጊዜ ነው ቆም ብሎ ያሰበው። ኮሌጅ ከተማረው ሁሉ በሥራ ላይ የጠቀመው ምን ነበር? መልሱ ሰው ፊት ቆሞ መናገር መቻሉ ሆነ።

ሁለት ዶላር የተከለከለው አስተማሪ

በማታ ላስተምር ብሎ ለኮሎምቢያና ለኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲዎች አመለከተ። ሁለቱም አልፈለጉትም። በመጨረሻ የሄደው በአገራችን ወ.ወ.ክ.ማ. በሚል ስም ወደምናውቀው የወጣቶች ማኅበር ነው። በ1912 በኒው ዮርክ 125ኛው ጎዳና ላይ ያለው ቅርንጫፍ እንዲያስተምር ፈቀደለት። ለአንድ ማታ የጠየቀውን ሁለት ዶላር ግን ሊከፍሉት አልፈለጉም። ከተረፈ ከትርፉ ትወስዳለህ፣ ካልተረፈ ምንም የለህም አሉት። ተስማማ።

በእኔ አስተያየት የእድገቱ ምስጢር የተወለደው በዚህ ውል ነው። ለምን ቢባል፣ ተማሪዎቹ ለዲግሪ የመጡ አልነበሩም። በስብሰባ ላይ ተነስተው ሁለት ቃል ለመናገር ጉልበታቸው የሚርድባቸው፣ አስቸጋሪ ደንበኛ ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ድፍረት እስኪያገኙ አካባቢውን ሦስቴ የሚዞሩ ሠራተኞች ነበሩ። ክፍያውን የሚከፍሉት በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ነው፤ ለውጥ ካላዩ መክፈላቸውን ያቆማሉ። ካርኔጊ ደሞዝተኛ ቢሆን ኖሮ ተማሪ መጣ ቀረ ግድ ላይሰጠው ይችል ነበር። በዚያ ውል ግን ተማሪው ካልተለወጠ አስተማሪው እራቱን አይበላም።

በመጀመሪያው ትምህርት ላይ ያዘጋጀው ነገር ቶሎ አለቀበት። ጊዜውን ለመሙላት ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እያስነሳ ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ አደረገ። ሰዎቹ ስለሚያውቁት ነገር ሲያወሩ ፍርሃታቸው ቀነሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮርሱ ዋና ነገር ተማሪው ራሱ መናገሩ ሆነ። በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ በዚያው የትርፍ ድርሻ ውል በአንድ ማታ 30 ዶላር ያገኝ ጀመር። የተከለከለው ሁለት ዶላር አሥራ አምስት እጥፍ ሆኖ መጣ ማለት ነው። በ1916 ደግሞ በታዋቂው ካርኔጊ አዳራሽ ንግግር አድርጎ አዳራሹን ሞላው። በነገራችን ላይ የቤተሰቡ ስም አጻጻፍ ከብረታ ብረቱ ከበርቴ ከአንድሩ ካርኔጊ የተለየ ነበር፤ ዝምድናም የላቸውም። ፊደሎቹን አስተካክሎ ከከበርቴው ስም ጋር ያመሳሰለው እሱ ራሱ ነው። የማርኬቲንግ ተማሪዎች ልብ በሉ!

ከካርድ ወደ መጽሐፍ

መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለት ዓመት ያህል አውሮፓ ተቀምጦ ልብ ወለድ ጻፈ። ወኪሉ ዋጋ የለውም ብሎ መለሰለት። እንደገና ወደ አዋቂዎች ሥልጠና ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም።

እያስተማረ ሲሄድ ተማሪዎቹ ከንግግር ይልቅ ከሰው ጋር መግባባት እንደሚቸግራቸው አስተዋለ። ለዚህ የሚሆን መጽሐፍ ፈልጎ አጣ። ስለዚህ ጥቂት ደንቦችን ከፖስት ካርድ በማይበልጥ ወረቀት ላይ አሳትሞ ማደል ጀመረ። ተማሪዎቹ ደንቦቹን በሥራ ቦታና በቤታቸው ሞክረው ውጤቱን ለክፍሉ ይናገራሉ። በሚቀጥለው ዙር ካርዱ ሰፋ፤ ከዚያ በራሪ ጽሑፍ ሆነ፤ ከዚያም ትንንሽ ጥራዞች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ሰው ቀጥሮም አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲያነብለት አደረገ።

በ1934 ሊዮን ሺምኪን የተባለ የሳይመን ኤንድ ሹስተር አሳታሚ ድርጅት ሰው ኮርሱን ወሰደ። ትምህርቱ መጽሐፍ ይውጣው ብሎ የወተወተው እሱ ነው። ወዳጅ ስለማፍራትና በሰው ላይ ተሰሚነት ስለማግኘት የሚናገረው ያ መጽሐፍ በ1936 ሲወጣ መጀመሪያ የታተመው 5,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ማንም ያን ያህል ይሸጣል ብሎ አልጠበቀም። ካርኔጊ እስኪሞት ድረስ ግን በ31 ቋንቋዎች ወደ አምስት ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል።

ብዙ ሰው እድገቱን በመጽሐፉ ብቻ ያስረዳል። እኔ አልስማማም። መጽሐፉ የ15 ዓመት የክፍል ሙከራ ውጤት ነው። ደግሞም መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ልሠልጥን ብሎ ቢመጣ አንድ ካርኔጊ ምን ያደርጋል? እሱ ሌሎች አሠልጣኞችን አሠለጠነ፤ ኮርሱን በተወሰነ ቅደም ተከተል አዘጋጀው፤ በየከተማው ፈቃድ ወስደው የሚያካሂዱ ሰዎች በዚያው ሥርዓት እንዲሠሩ አደረገ። ተማሪው ራሱ የሚለማመድበት ኮርስ በመሆኑ ካርኔጊ በአካል መገኘት አላስፈለገውም። ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ እዚህ ላይ ነው። በየከተማው የሚሸጠው የተፈተነ የሥልጠና ሥርዓት ሆነ፤ የአንድ ሰው አንደበት መሆኑ ቀረ፤ የ24 ሰዓቱ ገደብም በዚያ ተሰበረ።

ትችቱና ትምህርቱ

ካርኔጊን የሚተቹ አሉ። ለጥቅም ሲባል ፈገግ ማለትን አስተማረ ይላሉ። ትችቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ሰውን ማስደሰት ለገበያ ሲውል ከሽንገላ ጋር ያለው ድንበር ቀጭን ነው። እሱ ራሱ ከልብ የሆነ አድናቆትንና ሽንገላን ለይቶ ጽፏል፤ ግን ልዩነቱ በተግባር የሚታወቀው በሰውየው ሕሊና ነው። ስለዚህ ሥራውን ሳደንቅ ይህንንም አልዘነጋም።

ካርኔጊ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1955 በ66 ዓመቱ ኒው ዮርክ በሚገኘው ቤቱ አረፈ። እስከዚያ ቀን ወደ 450,000 የሚጠጋ ሰው ኮርሱን ጨርሶ ነበር። ድርጅቱን ባለቤቱ ዶሮቲ ተረክባ አስቀጠለችው። የሥራው እውነተኛ ፈተና ይህ ይመስለኛል፦ መሥራቹ ሲሞት ማታ ማታ ክፍሎቹ አልተዘጉም።

እናም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የሥልጠና ቢሮ ለመክፈት የምናስብ ሁሉ፣ ስለ ማስታወቂያና ስለ ቢሮ ኪራይ ከመጨነቃችን በፊት ሁለት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ። ሠልጣኙ ካልተለወጠ እኛም ምንም የማናገኝበትን ውል ለመፈረም እንደፍራለን? እኛ በሌለንበት ቀንስ ሠልጣኙ ያንኑ ትምህርት ማግኘት ይችላል? ሁለቱንም አዎ ማለት የሚችል ሰው፣ ከትንሽ ካርድ ቢጀምርም ሩቅ ይደርሳል።