ቸርችልን ያሰናበተችው ዳንዲ

በአዲስ አበባ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር የሚወርደው ሰፊ ጎዳና በስማቸው የሚጠራው እንግሊዛዊው ሰር ዊንስተን ቸርችል በብዙዎች ዘንድ የሚታወሱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገራቸውን በጠቅላይ ሚኒስትርነት በመምራታቸው ነው። ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ግን ለ14 ዓመታት ያህል በፓርላማ የተቀመጡት በምስራቅ ስኮትላንድ የባህር ዳርቻ የምትገኘውን የዳንዲ ከተማ ወክለው ነበር። በመጨረሻም ያቺው ከተማ ድምፅ ነፍጋ አሰናብታቸዋለች።

ቸርችል እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1874 ከመሳፍንት ወገን ተወለዱ። በወጣትነታቸው የጦር መኮንንና የጦር ሜዳ ዘጋቢ ሆነው ከሠሩ በኋላ በ1900 የወግ አጥባቂው ፓርቲ እጩ በመሆን ከኦልድሃም የምርጫ ክልል ተመረጡ። በ1904 በነፃ ንግድ ጉዳይ ከፓርቲያቸው ተጣልተው ወደ ሊበራሎች የተሻገሩ ሲሆን፣ በ1906 ደግሞ የማንችስተርን አንድ ወንበር አሸነፉ።

በ1908 የንግድ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በዘመኑ ሕግ መሠረት አዲስ የተሾመ ሚኒስትር እንደገና በመራጩ ፊት መቅረብ ነበረበት። ቸርችልም በማንችስተር በተካሄደው የማሟያ ምርጫ በ429 ድምፅ ልዩነት ተሸነፉ። በዚያው ሰሞን የዳንዲው ሊበራል እንደራሴ ወደ መኳንንቱ ምክር ቤት በማለፋቸው ወንበሩ ክፍት ሆኖ ስለነበር፣ የከተማዋ ሊበራሎች ተሸናፊውን ሚኒስትር ጋበዟቸው። ግብዣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳንዲ ለረጅም ጊዜ የሊበራሎች ምሽግ ስለነበረች፣ ቸርችልም የዕድሜ ልክ ወንበር እንዳገኙ አድርገው ቆጥረውት ነበር።

ዳንዲ በዚያን ጊዜ የጆንያ ከተማ ነበረች። ከቤንጋል በመርከብ የሚመጣው የጁት ቃጫ በፋብሪካዎቿ እየተፈተለና እየተሸመነ ወደ ዓለም ገበያ ይወጣል። ለፋብሪካዎቹ ከወንድ ይልቅ ሴት መቅጠር በዋጋ ይረክስ ስለነበር አብዛኛዎቹ ሠራተኞች ሴቶች ነበሩ። በብዙ ቤት ሚስት ወደ ፋብሪካ ስትሄድ ሥራ ያጣው ባል ቤት ይውላል። ቤተሰቡን በደመወዛቸው የሚያስተዳድሩት እነዚህ ሴቶች ግን የፓርላማ አባል የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። በ1908ቱ ዘመቻ የሴቶች የመምረጥ መብት ተሟጋች የሆነች አንዲት አየርላንዳዊት ቸርችል በሚናገሩበት ስፍራ ሁሉ እየተከተለች በትልቅ ደወል ድምፃቸውን ታፍን እንደነበር ይታወሳል።

ደወሉ ግን ውጤቱን አልለወጠውም። ቸርችል በ7,079 ድምፅ አሸነፉ። ከአራቱ ተወዳዳሪዎች መጨረሻ የወጣው ኤድዊን ስክሪምጀር ያገኘው 655 ድምፅ ብቻ ነበር። ስክሪምጀር የከተማዋ ተወላጅና ብርቱ ሃይማኖተኛ ሲሆን፣ ዋና ዓላማው የአልኮል መጠጥን በሕግ ፈጽሞ ማስከልከል ነበር። መጠጥ በመውደዳቸው የሚታወቁት ቸርችል ከዚህ ሰው ጋር ስድስት ጊዜ እንደሚፋጠጡ ያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

የዳንዲ ምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴዎችን ይልክ ስለነበር በጠቅላላ ምርጫ እያንዳንዱ መራጭ ሁለት ድምፅ ነበረው። ብዙው ሰው አንዱን ለሊበራሉ ቸርችል፣ ሌላውን ለሌበር ፓርቲው አሌክሳንደር ዊልኪ ይሰጥ ነበር። በ1910 በተካሄዱት ሁለት ምርጫዎች ሁለቱም አሸነፉ። በእነዚህ ዓመታት ቸርችል የሥራ አጦች መመዝገቢያና አገናኝ ቢሮዎችን በማቋቋም ሠራተኛውን የሚጠቅም ሥራ መሥራታቸው አይካድም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቸርችል በዳርዳኔልስ ዘመቻ ውድቀት ምክንያት በ1915 ከባህር ኃይል ሚኒስትርነታቸው ተነሱ። ዳንዲም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በሎስ ጦር ሜዳ ልጆቿን በብዛት አጣች። በ1917 የጦር መሣሪያ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ እንደገና ለምርጫ ቀርበው ስክሪምጀርን 7,302 ለ2,036 ረቱት።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ1918 ነው። አዲሱ ሕግ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በላይ ለሆነ ወንዶች ሁሉና ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑ ብዙ ሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠ። በድል ማግስት በተካሄደው ምርጫ ቸርችል 25,788 ድምፅ አግኝተው በቀዳሚነት አሸነፉ። ይሁን እንጂ የስክሪምጀርም ድምፅ ከ10,000 በላይ ሆኖ ነበር።

የሚቀጥሉት አራት ዓመታት ለከተማዋ ከባድ ነበሩ። የጆንያ ገበያ ተቀዛቀዘ፣ ሥራ አጡ በዛ። የአየርላንድ ተወላጅ የሆኑት በርካታ ነዋሪዎች ቸርችል የጦር ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ወደ አየርላንድ የተላከው ኃይል ያደረሰውን በደል አልረሱም። በ1922 መጸው መንግሥት ከቱርክ ጋር ጦርነት ለመግጠም ሲቃረብ ደግሞ በሎስ ሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን እንዳይጨመር የፈራው ሕዝብ ተቆጣ።

ምርጫው በተጠራበት ወቅት ቸርችል የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ተኝተው ነበር። ባለቤታቸው ክሌመንታይን የጥቂት ሳምንታት ጨቅላ ልጃቸውን ይዘው ወደ ዳንዲ በመሄድ በምትካቸው ቀሰቀሱ። የከተማዋ ሁለት ዋና ጋዜጦች በአንድ ባለንብረት እጅ ስለነበሩ ሁለቱም ቸርችልን ተቃወሙ። እጩው ራሳቸው ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው ደረሱ። መቆም ስላልቻሉ በወንበር ላይ ተቀምጠው ንግግር ያደረጉ ሲሆን፣ ከሁለት ቀን በኋላ በተጠራው ስብሰባ ግን ጩኸቱ አላስናግር አላቸው።

ኖቬምበር 15 ቀን 1922 በተሰጠው ድምፅ ስክሪምጀር 32,578 አግኝቶ አንደኛ ሆነ። ከ14 ዓመት በፊት ካገኘው 50 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ሁለተኛውን ወንበር በኮንጎ በንጉሥ ሊዮፖልድ ሥር የተፈጸመውን ግፍ ለዓለም በማጋለጥ የታወቀው የሌበሩ ኢ. ዲ. ሞረል በ30,292 ድምፅ ወሰደ። ሌበር አንድ እጩ ብቻ በማቅረቡ የሠራተኛው ሁለተኛ ድምፅ በአብዛኛው ለስክሪምጀር እንደደረሰ ከአኃዙ መረዳት ይቻላል። ቸርችል በ20,466 ድምፅ አራተኛ ወጡ። ይህ በ1908 ካሸነፉበት ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ድምፅ ነበር።

ቸርችል ለሽንፈታቸው የከተማዋን ድሆች አልወቀሱም። የሚኖሩትን ኑሮ ላሰበ በእነርሱ መቆጣት እንደማይቻል በዚያው ሳምንት ለባልደረባቸው ጽፈዋል። ከዚያ በኋላም በሁለት ምርጫዎች ተሸንፈው፣ በ1924 መጨረሻ ለንደን አጠገብ ከምትገኘው ኤፒንግ ተመርጠው ወደ ምክር ቤት ተመለሱ። ስክሪምጀር በበኩሉ መጠጥን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቢያቀርብም ተቀባይነት አላገኘም። በ1931 ወንበሩን ሲያጣ ከተተኩት ሁለት እንደራሴዎች አንዷ ፍሎረንስ ሆርስብሩ ነበረች። ሴቶች በሚሠሩባት በዚያች ከተማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ መሆኗ ነው።

በ1943 ቸርችል በዝናቸው ጫፍ ላይ ሳሉ የዳንዲ ከተማ ምክር ቤት የክብር ዜግነት ሊሰጣቸው ተሰበሰበ። ውሳኔው ያለፈው በ16 ድጋፍና በ15 ተቃውሞ ነበር። ቸርችል ክብሩን አልቀበልም አሉ።