አፈ ንጉሥ ታከለ ወልደ ሐዋርያት

እኛ የዕድራችንን ሰብሳቢ ዳኛ እያልን እንጠራለን፤ እኛው መርጠን እኛው እናወርደዋለን። ድሮ የአገሪቱ ትልቁ ዳኛ እንዴት ይሾምና ይሻር እንደነበር ለማየት ግን የብላታ ታከለ ሕይወት ብቻውን ይበቃል።

አፈ ንጉሥ ማለት የንጉሥ አፍ ማለት ነው፤ በንጉሡ ስም ይፈርዳል። በ1934 ዓ.ም. የዳኝነት አዋጅ የጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ተባለ። ከሮቤ ወይም ከጎባ የመሬት ክርክሩን ይግባኝ ብሎ እስከ መጨረሻው የገፋ ሰው በዶዶላ፣ በሻሸመኔ አድርጎ፣ ስንቁን ጨርሶ አዲስ አበባ ሲደርስ ማብቂያው እዚያ ነው። ከዚያ በላይ የቀረው የጃንሆይ ዙፋን ችሎት ብቻ ነበር።

ብላታ ታከለ ከጣልያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በሹመት ሠርተዋል። በ1928 ጃንሆይ ወደ ውጭ አገር መሄዳቸውን አጥብቀው ተቃወሙ። ራሳቸው ግን ዱር ገብተው ጠላትን ተዋጉ። ነጻነት ሲመለስ የንጉሡ ወደ ዙፋን መመለስ አልዋጥላቸው አለና ታሰሩ። ተፈቱ፤ ምክትል አፈ ንጉሥ ሆኑ። ደግሞ ታሰሩ፤ ይህኛው ለብዙ ዓመት ነው። ተፈቱና እንዲያው ጉድ ነው፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ዋናው አፈ ንጉሥ እሳቸው ሆኑ! ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ደግሞ ከወንበሩ ወርደው ሦስተኛ ጊዜ ወህኒ ገቡ። ሿሚውም አሳሪውም ያው አንድ ሰው ናቸው።

በእንግሊዝ አገር የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ችሎትን የሚመራው ዳኛ ማዕረጉ የጥቅል መዛግብት ሹም ነው፤ ጥንት የንጉሡን የብራና ጥቅሎች ይጠብቅ ስለነበር ነው አሉ። እሱም እንደኛው አፈ ንጉሥ የቤተ መንግሥት ሰው ነበር። ታዲያ እነሱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1701 ዳኛ ጠባዩ እስካልተበላሸ ድረስ፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች ካልጠየቁ በቀር አይነሣም ብለው ሕግ አወጡ። ንጉሥ ቢቆጣም ዳኛው ችሎቱ ላይ ነው። የኛው አፈ ንጉሥ ይህ ከለላ አልነበረውም፤ ያ ስንቁን የጨረሰ የባሌ ባላገር የሚቆመው ነገ የት እንደሚያድር በማያውቅ ዳኛ ፊት ነው።

ብላታ ታከለ ግትር ነበሩ፤ አልዶለቱም ብዬም አልከራከርላቸውም። በ1958 ግድም ከተፈቱ በኋላ እንኳ አልተኙም። በኅዳር 1962 በንጉሡ ሕይወት ላይ አሲረዋል ተብሎ ፖሊስ ሊይዛቸው ሄደ። እጄን አልሰጥም አሉ፤ እየተታኮሱ ሞቱ። ያ ሁሉ ሰው እፊታቸው ቆሞ የተሟገተላቸው ዳኛ፣ በዚህኛው ክስ እሳቸው ችሎት ፊት አልቀረቡም።